አርባ ሁለት መኪና

መኪናው በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ማክሰኞና አርብ፣ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ይነሣ ነበር። ሾፌሩን የወርክሾፑ ሰዎች «ደቂቃ» ብለው የሰየሙት በከንቱ አይደለም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ በሩን ዘግቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ከኋላው ማን እንደሚጮህ ዞር ብሎ ሳያይ የሚሄድ ሰው ነበርና ነው። አንድ ጊዜ የወርክሾፑ ኃላፊ ራሱ አንዲት ወረቀት ይዞ እስከ ውጭው በር ድረስ ሮጦ ነበር ይባላል። ደቂቃ በመስተዋቱ አየው፤ እጁን በትሕትና አውለበለበለት፤ ሄደ።

«እዚያ ማዶ ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው አለ» ይል ነበር ሲወቅሱት። «የእናንተ አምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ትወልዳለች፤ እዚያ ስትደርስ ሰዓት ናት።»

ወርክሾፑ የሚሠራው ለደከመ አካል ድጋፍ ነው። ሕመምተኛው ሩቅ ከተማ ባለው ክሊኒክ በጀሶ ይለካል፤ የጀሶው ቅርጽ ከነወረቀቱ በመኪናው ይመጣል። እዚህ ፕላስቲኩ በምድጃ ይለሰልስና በጀሶው ላይ ይለበጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይቆረጣል፣ ጠርዙ ይሞረዳል፣ ቀበቶ ይሰፋለታል፤ ከዚያም በዚያው መኪና ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ምድጃው አንድ ነው። ምድጃውን የሚያውቀውም ባለሙያ አንድ ነው፤ «ባለ ምድጃው» ይሉታል። ለአንድ የእግር ድጋፍ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል፤ በቀን አራት ይሠራል፤ ከመኪና እስከ መኪና ነገር ካልተበላሸ ዐሥራ ሁለት።

የትኛው ሥራ ከየትኛው እንደሚቀድም የሚወስኑት ተራ አስያዡ ነበሩ። በመዝገብ የሰፈረ ስማቸውን ከደመወዝ ጸሐፊው በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ጋሽ ሰሌዳ» ይሏቸዋል። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ኮታቸው በጠመኔ ብናኝ የነጣ፣ ሲናገሩ ቃሉን ከአፋቸው ከማውጣታቸው በፊት አንድ ጊዜ የሚያገላብጡት ሰው ነበሩ። ሰሌዳቸው በምድጃው ፊት ለፊት ከግድግዳው ጋር የተመታ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ ጣውላ ነው።

ይህን ሥራ ያስተማራቸው የለም። ወደ ወርክሾፑ የገቡት ዘበኛ ሆነው ነው። በበሩ አጠገብ ተቀምጠው መኪናው ሲወጣና ሲገባ ሲያዩ ብዙ ዓመት ከርመው፣ አንድ ነገር በገዛ ራሳቸው ገባቸው። ሰኞ ያለቀ ሥራና ማክሰኞ በስምንት ሰዓት ተኩል ያለቀ ሥራ ለባለቤታቸው እኩል ይደርሳሉ፤ የሚሄዱት በአንድ መኪና ነውና። ማክሰኞ ከዘጠኝ ሰዓት አምስት ደቂቃ አሳልፎ ያለቀ ሥራ ግን ሐሙስ ማታ ካለቀው በምንም አይሻልም። እንግዲያው ቁም ነገሩ መፍጠን አይደለም፤ መኪናው ላይ መድረስ ነው። ለመኪናው የማይደርስ ሥራ ከሆነ ደግሞ እሱን ማስቀደም ለማንም አይጠቅምም፤ ወደ ታች ይውረድና የሚደርሱት ይለፉ። ጋሽ ሰሌዳ ይህን ለኃላፊው ባስረዱ በወሩ ጠመኔው በእጃቸው ገባ። ከዚያ በፊት በአንድ መኪና ስምንት ሰው ነበር የሚላከው። እሳቸው ዐሥራ ሁለት አደረሱት። መኪናው በወጣ ቁጥር በሰሌዳው ቀኝ ማዕዘን የተላኩትን ሰዎች ቁጥር ይጽፋሉ፤ ትንሽ ወደ ኋላ ብለው ያዩታል፤ ያቺ ነበረች ደስታቸው።

ከጊዜ ብዛት ወርክሾፑ ዘመኑን የሚቆጥረው በመኪና ሆነ። «መቼ ነው የታመምከው?» «የዛሬ ሦስት መኪና።» «ልጅህ መቼ ነው የሚመረቀው?» «ዐሥር መኪና ቀረው።» ቀበቶ ሰፊዋ፣ ምላሷ ከመርፌዋ የሾለ ሴት፣ ባሏን በስንት መኪና እንደ ቀበረችው ስትናገር የሚስቅም የሚያዝንም አልነበረም፤ ነገሩ ተለምዷል።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው አንድ ማለዳ ከመኪናው ከወረዱት ቅርጾች መካከል አንድ ትልቅ፣ እጅ እግርም ራስም የሌለው፣ የሰው ደረትና ጀርባ የሆነ ጀሶ የወረደው። ደረቱ ጠባብ ነው፤ የልጅ ነው። የጀርባው መካከል እንደ ጎበጠ መንገድ ወደ ግራ ታጥፎ ይመለሳል። ጋሽ ሰሌዳ ወረቀቱን አነበቡ። «ሴት፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት» ይላል፤ ከሥሩም ስሟ። ወረቀቱን አጠፉት፤ ዘረጉት፤ እንደገና አጠፉት። የእህታቸው ልጅ ናት። ቤተሰቡ «ሚጢጢ» የሚላት።

«የጀርባ ድጋፍ ነው» አለ ባለ ምድጃው ጀሶውን በመዳፉ እየዳሰሰ። «ጋሽዬ፣ ይሄ ቀን ተኩል ይወስድብኛል። ፕላስቲኩ ምድጃውን ሙሉ ነው የሚይዘው፤ ለማንሣት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ጀሶው ላይ ማደርም አለበት፤ ሳያድር ከተቆረጠ ይጠማዘዛል።»

ቀን ተኩል ማለት ስድስት የእግር ድጋፍ ነው። ስድስት ሰው። ጋሽ ሰሌዳ ጠመኔውን አንሥተው በሰሌዳው የመጨረሻ መስመር ላይ «ጀርባ፣ ሴት፣ 12» ብለው ጻፉ።

«የማን ናት? ያውቋታል እንዴ?» አለ ባለ ምድጃው፤ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አይቶ ይሆናል።

«ከየት አውቃታለሁ?» አሉ።

ይህ ቃል ከአፋቸው እንዴት እንደ ወጣ ለመረዳት፣ ከእሳቸው በፊት የነበረውን ተራ አስያዥ ማስታወስ ያስፈልጋል። ያ ሰው ለአክስቱ ልጅ ተራ አስቀድሞ ተገኘና ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ተባረረ። የዚያን ቀን ዘበኛው ጋሽ ሰሌዳ ነበሩ። በሩን የከፈቱለት እሳቸው ናቸው። ሰውዬው ሲያልፍ ያጎነበሰው አንገቱ፣ ከኋላው የተከተለው ሳቅ፣ ያ ሁሉ በልባቸው ታትሞ ቀርቷል። ጠመኔውን የተቀበሉ ዕለት «በእኔ ሰሌዳ ላይ ዘመድ አይጻፍም» ብለው አፋቸውን ሞልተው ተናግረዋል።

መኪናው ሄደ። መኪናው ተመለሰ። ሲመለስ አዳዲስ የእግር ቅርጾች ይዞ መጣ፤ አጫጭሮቹ ከላይ ተጻፉ፤ ጀርባዋ ከታች ቀረች። በሚቀጥለውም እንዲሁ ሆነ። ነገሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ስድስት ሰው በአንድ ወገን፣ አንዲት ልጅ በሌላ ወገን። ስድስቱ ይደርሳሉ። እሷ በዚህ መኪና ካልሆነ በሚቀጥለው ትደርሳለች። በእያንዳንዱ ጊዜ ለብቻው ሲታይ ውሳኔው እንከን አልነበረውም። ጋሽ ሰሌዳ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርጉ የታችኛዋን መስመር አይነኩም፤ የማይለወጠውን ማጥፋት ምን ያደርጋል? ጠመኔው ሲደበዝዝ በላዩ ይደግሙበታል።

«ጋሽ ሰሌዳ» አለች ቀበቶ ሰፊዋ አንድ ቀን መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ፣ «ያቺ የታችኛዋ መስመር እኮ ወልዳ ከብዳ ልጆቿን ልትድር ነው!»

«ተዪያት፤ ከሥር ሆና ሰሌዳውን ደግፋ የያዘችው እሷ ናት» አለ ባለ ምድጃው።

«አንተ ዝም በል፤ አንተን የደገፈህ ወንበሩ ነው።»

ተሳሳቁ። ጋሽ ሰሌዳም ከአንገት በላይ ሳቁ።

እህታቸው በየሳምንቱ እሑድ ትደውላለች። እናታቸው ስትሞት ይቺ እህት የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አሁንም ድምፅዋን ሲሰሙ ትከሻቸው ላይ የተደገፈች ትንሽ ራስ ይሰማቸዋል።

«ወንድም ጋሼ፣ ደኅና ነህ? ጉንፋኑስ ለቀቀህ?»

«ለቆኛል። ሚጢጢስ?»

«አለች። ትምህርቷንም አላቋረጠችም። ደከመኝ ትላለች እንጂ፣ ቦርሳውን መሸከም… ያው እንግዲህ። ያ ነገር…»

«በሚቀጥለው መኪና።»

«አይ፣ እሱማ በአንተ እጅ ነው! ለጎረቤቶቼም የምነግራቸው እሱኑ ነው። ወንድሜ እዚያው ቁጭ ብሎ እኔ ምን ያሳስበኛል? እላቸዋለሁ።»

ስልኩን ሲዘጉ ሁልጊዜ ጥቂት ቀለል ይላቸው ነበር። በሚቀጥለው መኪና ያሉት ሐሰት አልነበረም። እንደዚያ ነበር የሚያስቡት። በሚቀጥለው፣ ሥራ ሲሳሳ፣ የእግሩ ብዛት ጋብ ሲል። የእግሩ ብዛት ግን አንድም ጊዜ ጋብ አላለም።

ሐሙስ ጠዋት ነበር። ደቂቃ ከመንገድ ገብቶ፣ ጭነቱን አራግፎ፣ ፊቱን በበርሜሉ ውኃ እየታጠበ ሳለ ጋሽ ሰሌዳን አያቸውና ጮክ ብሎ፣

«ጋሽ ሰሌዳ፣ እህትህ ሰላም ብላሃለች!» አለ።

የቀበቶ ሰፊዋ መርፌ ቆመ። ባለ ምድጃውም ከምድጃው ቀና አለ።

«ልጅቷን ይዛ ክሊኒኩ ደጅ ጠበቀችኝ፤ ከጭነቱ መሐል አለ ወይ ብላ። የለም አልኳት። አንተ፣ ግን ያቺን ልጅ ምንድን ነው የሚመግቧት? ጀሶዋን የጫንኩላት ጊዜ አስታውሳለሁ፣ ከመኪናዬ ጎን ስትቆም የበሩ እጀታ ከራሷ በላይ ነበር፤ በሥሩ ሳትነካው አለፈች። ትናንት በዚያው በኩል ላልፍ ስትል እጀታው ግንባሯን አላት። ሁላችንም ሳቅን። እሷም ሳቀች።» ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ሲቀጥል ድምፁ ዝቅ አለ። «ግን አንዱ ትከሻዋ ቀርቷል። እንዴት ብዬ ልንገርህ… ጭነቱ ወደ አንድ ጎን እንዳጋደለበት መኪና ነው የምትሄደው።»

ጋሽ ሰሌዳ ወደ ዘበኛው ቤት ሄዱ። እዚያ፣ እሳቸው ዘበኛ ሳሉ የጀመሩት፣ መኪናው በወጣ ቁጥር አንድ ጭረት የሚጫርበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ጀርባዋ ከመጣችበት ቀን ጀምረው ጭረቶቹን በጣታቸው ጫፍ እየነኩ ቆጠሩ። አርባ አንድ። ነገ የሚወጣው አርባ ሁለተኛው ነው። አርባ ሁለት መኪና በወርክሾፑ ቋንቋ ያን ያህል የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም፤ ቀበቶ ሰፊዋ ለአንድ ሹራብ ስልሳ መኪና ፈጅታለች። ጋሽ ሰሌዳ ግን ቅጠሎቹን ገለጡ። አንድ ወር። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስተኛው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። በመኪና የሚቆጥሩት እሳቸውና ምድጃው ብቻ ነበሩ፤ ልጅቷ በወር ስታድግ ቆይታለች፤ አጥንቷም በወር ሲጣመም።

በዘበኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሌላም ነገር መጣባቸው፤ ይህኛው ከፊተኛው ባሰ። ጀርባ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ሁለት ጊዜ መጥቶ ያውቃል፤ የማያውቋቸው ሰዎች ልጆች ነበሩ። ሁለቱንም ጊዜ፣ ሦስት መኪና ካለፈ በኋላ፣ «ይቺስ አንጀቴን በላችው» ብለው ስድስት እግር አውርደው ከላይ ጽፈዋቸዋል። ማንም ምንም አላለም። ሚጢጢ የባዕድ ልጅ ብትሆን ኖሮ በአራተኛው መኪና ትሄድ ነበር። የገዛ እህታቸው ልጅ በመሆኗ ብቻ ከሥር ቀረች፤ ያ ያጎነበሰ አንገት፣ ያ ሳቅ እንዳይደርስባቸው።

ሲመለሱ የዕለቱን ሰሌዳ ሙሉ በሙሉ በኮታቸው እጅጌ ጠረጉት። በመጀመሪያው መስመር ላይ «ጀርባ» ብለው ጻፉ።

«ስድስት ሰው ያወርዳሉ?» አለ ባለ ምድጃው ቀስ ብሎ።

«አወርዳለሁ። የእህቴ ልጅ ናት።»

ሳቅ ይጠብቁ ነበር። የሳቀ አልነበረም። ቀበቶ ሰፊዋ የያዘችውን ቀበቶ ጭኗ ላይ አኖረችና አየቻቸው።

«አርባ መኪና ሙሉ ስቀልድባት» አለች። «አንተ ሰው፣ ምን ዓይነት ሆድ ነው የፈጠረብህ? አንድ ቃል ብትተነፍስ ኖሮ እኔ ራሴ ከሰሌዳው ሥር ቆሜ እጮህልህ ነበር።»

«እሱን ነበር የፈራሁት» አሉ ጋሽ ሰሌዳ።

ባለ ምድጃው ጀሶውን ከመደርደሪያው ሥር አወጣው። ላዩ ላይ የፕላስቲክ ብናኝ ጣት ያህል ተኝቶበታል። በብሩሽ ጠረገው፤ ከዚያ ሁለቱን እጆቹን በጀሶው ወገብ ዙሪያ አደረገ።

«ጋሽዬ፣ አይቆጡኝና… ይሄ እኮ የያኔዋ ልጅ ናት። ደቂቃ የሚለው እውነት ከሆነ እንደገና መለካት አለባት። ዛሬ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ነገ ይሄዳል፤ አዲሱ ጀሶ ሰኞ ይመጣል፤ እስኪደርቅ የማክሰኞው ያልፈናል፤ በአርቡ እልክልዎታለሁ። ሁለት መኪና ነው።»

ትክክል ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከእሱ በፊት ይህን የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ። ነገር ግን ዕድሜ ልካቸውን ለመኪናው ለመድረስ ያሰለጠኑት አእምሮ በዚያች ሰዓት ከዘጠኝ ሰዓት ወዲያ ምንም አልታየው አለ። አርባ አንድ ጊዜ ያመለጣትን መኪና አሁን ደግሞ ሁለት ጊዜ እንዲያመልጣት በገዛ እጃቸው መጻፍ አልቻሉም።

«አንድም መኪና አላስቀርም» አሉ። «በቀበቶው ይሰፋል። ላላ አድርገህ ቁረጠው። ነገ በዘጠኝ ሰዓት ትሄዳለች።»

ባለ ምድጃው ዐይናቸውን አየና ጀሶውን ወደ ሥራ ጠረጴዛው ወሰደ።

ወርክሾፑ እንደዚያ ሐሙስና አርብ ተጣድፎ አያውቅም። ጀሶው ተሞረደ። ፕላስቲኩ ምድጃውን ሞልቶ ገባ፤ ጠርዙ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ሲለሰልስ ባለ ምድጃውና ጋሽ ሰሌዳ በወፍራም ጓንት ከሁለት ወገን ይዘው አወጡትና በጀሶው ላይ ጣሉት፤ ፕላስቲኩ አልተጨማደደም። እዚያው አደረ። አርብ ጠዋት ተቆረጠ። ቀበቶ ሰፊዋ ከሁሉም የረዘሙትን ቀበቶዎች መርጣ፣ እንዳይፈጋት ከውስጥ ለስላሳ ስፖንጅ ለበጠችላቸው። «ልጅ ናት፤ ነጭ ክር አይሆናትም» ብላ በቀይ ክር ሰፋችው። ስምንት ሰዓት ተኩል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሚስማሮች ቀሩ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ። ደቂቃ ሞተሩን አስነሣ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ጋሽ ሰሌዳ ወደ ግቢው ወጡ። አልሮጡም፤ መሮጥ ምንም እንደማይረዳ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ከመኪናው ፊት ቆመው ሾፌሩን በፊት መስተዋቱ አሳልፈው ተመለከቱት። ደቂቃ ሰዓቱን አየ። እሳቸውን አየ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሞተሩን አጠፋ።

ዘጠኝ ሰዓት ከአራት ደቂቃ ሲሆን ባለ ምድጃው በካርቶን የተጠቀለለውን ድጋፍ እንደ ሕፃን አቅፎ ወጣ። ደቂቃ ከኋላ አልጫነውም፤ ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ የወንበሩን ቀበቶም አሰረለት።

«ለማንም እንዳትናገሩ» አለ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ። «ስሜን ልታጠፉብኝ ነው።»

መኪናው ሲወጣ ቀበቶ ሰፊዋ እጇን አውለበለበች። ጋሽ ሰሌዳ ወደ ሰሌዳው ተመልሰው በቀኝ ማዕዘን ላይ ቁጥሩን ጻፉ። «7» የሚል ነበር። ጠመኔ ከያዙ ወዲህ እንዲህ ያነሰ ቁጥር የጻፉት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያስደሰታቸው ግን አልነበረም። የእሑዱን ስልክ ጠበቁ፤ እሑድ ግን አልተደወለም።

ሰኞ ጠዋት መኪናው ገባ። ደቂቃ ወርዶ ሰላም ሳይል ሌላኛውን በር ከፈተ። ካርቶኑ እዚያው ወንበር ላይ ነበር፤ ቀበቶው እንደታሰረ።

ጋሽ ሰሌዳ ወረቀቱን ከካርቶኑ ላይ ላጡት። የክሊኒኩ ለኪ በእርሳስ ሦስት መስመር ጽፏል፤ ድጋፉ ከብብት በታች አራት ጣት አጥሯል፣ መጫን በማይገባው ቦታ ይጫናል፣ መታጠፊያው ላይ አያርፍም። ከሥሩ ሐኪሙ በሌላ ቀለም ጨምሮበታል። መጣመሙ በድጋፍ ሊያዝ ከሚችለው መጠን አልፏል፤ እንደገና መለካት አያስፈልግም። የሚቀረው ቀዶ ጥገና በአገር ውስጥ አይሰጥም።

ሁለቴ አነበቡት። እንደገና መለካት አያስፈልግም የሚለው ላይ ሲደርሱ ሁለቱንም ጊዜ ቆሙ።

ያን ጊዜ ስልካቸው ጮኸ።

«ወንድም ጋሼ» አለች እህታቸው። አልቅሳ ነበር፤ አሁን ግን አታለቅስም። «ደርሶሃል አይደል ወረቀቱ?»

«ደርሶኛል።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል። ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለህ፣ ልክ በተለካች ጊዜ ቢደርስ ኖሮ ይይዘው ነበር አለኝ። የክሊኒኩ ሰዎች ናቸው ያቆዩት አይደል? ወረቀት ሲያመላልሱ። እኔ እኮ አውቄዋለሁ። አንተማ አንተ ባትኖርማ ጭራሽም አይመጣ ነበር፤ ሾፌሩ ነገረኝ፣ መኪናውን አስቁመህ…»

ጋሽ ሰሌዳ ስልኩን ከጆሯቸው ትንሽ አራቁት። ዝም ማለት ይችሉ ነበር። በዝምታቸው ውስጥ ያ የተሸከሟት ትንሽ ራስ ሳትነሣ፣ ትከሻቸው ላይ እንደተኛች ልትቀጥል ትችል ነበር። ከዚያ በኋላ በቀሪ ዘመናቸው ብዙ ጊዜ እንዳሰቡት፣ ቢያንስ ያን ያህል ሊያተርፉላት ይችሉ ነበር።

«ክሊኒኩ አይደለም» አሉ። «ጀሶው በሳምንቱ መጥቷል። እዚህ ነው የቆየው። ያቆየሁት እኔ ነኝ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ተራ አላስቀደምኩላትም። ዘመዴ ስለሆነች። ሌሎቹን አስቀደምኩ።»

እህታቸው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ስንት ጊዜ?» አለች።

«አርባ ሁለት መኪና።»

«መኪና ምንድን ነው? እኔ መኪና አላውቅም። ስንት ጊዜ ነው ያልኩህ።»

ጋሽ ሰሌዳ ቃሉን በአፋቸው አገላበጡት። እንደዚህ የከበደ ቃል አገላብጠው አያውቁም።

«አምስት ወር» አሉ።

እህታቸው አልጮኸችም፤ አልሰደበችም። ስልኩ ግን ከእጇ ወደ ሌላ ቦታ፣ ምናልባት ጠረጴዛ ላይ፣ ሲቀመጥ ተሰማ። እግሮቿ ራቁ። በር ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ትንፋሽ መጣ።

«ጋሼ?» ሚጢጢ ነበረች። «እማዬ ወጣች። ጋሼ፣ በቀዩ ክር የተሰፋው እኮ በጣም ያምራል። ለሌላ ልጅ ስጡት፤ ከእኔ ለምታንስ። አይጣል።»

«እሺ» አሉ። ለሌላ እንደማይሆን፣ ያ ፕላስቲክ በዓለም ላይ ለአንድ ጀርባ ብቻ እንደተለካ፣ ያም ጀርባ ከአምስት ወር በፊት የነበረ መሆኑን አልነገሯትም። «እሺ የእኔ እናት። አይጣልም።»

ካርቶኑን ከመደርደሪያው ሥር፣ ጀሶው ተቀምጦበት በነበረው ስፍራ፣ አኖሩት። ቀበቶ ሰፊዋ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉ። ሁሉም ጠፋ፤ ከሥር ብቻ «ጀርባ፣ ሴት፣ 12» የሚለው፣ ጠመኔ በጠመኔ ላይ ሲደገም ኖሮ ቀለሙን በልቶ ገብቷልና፣ ጣውላው ሲደርቅ ተመልሶ ነጣ። ሁለተኛም ጠረጉት። ሲደርቅ መጣ።

በግቢው ውስጥ አዲሶቹ ቅርጾች እየወረዱ ነበር። ባለፈው የወረዱት ስድስቱ እግሮች አሉ፤ ዛሬ የመጡት ሰባት አሉ። ከሰባቱ ሌላ ደግሞ አንድ ትልቅ፣ ራስና እግር የሌለው ነጭ ነገር በባለ ምድጃው ክንድ ላይ ነበር።

«ወንድ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ» አለ ባለ ምድጃው ወረቀቱን አይቶ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገረው፤ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ እንደቆመ ሰው። «ገና እርጥብ ነው፤ ማክሰኞ እንደማይደርስ ያውቃሉ። ስድስቱ ደግሞ አንድ ጊዜ ወርደዋል። ማን ይቅደም?»

ጋሽ ሰሌዳ ጠመኔውን ይዘው ቆሙ። የወረዱት ስድስት ሰዎች እዚያ ማዶ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ማክሰኞ ነገ ነው። ቆጠሩ፤ ሌላ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ከላይ ጀምረው እግሮቹን ጻፉ፤ አንድ በአንድ፣ በተስተካከለ ጽሑፍ። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ በዚያ በማይጠፋው ነጭ ላይ «ጀርባ፣ ወንድ፣ 9» ብለው ደረቡበት። ከጎኑም ከዚያ በፊት በሰሌዳው ላይ ጽፈውት የማያውቁትን፣ ወሩንና ቀኑን፣ አከሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ባለ ምድጃው።

«ቀን ነው» አሉ፤ ጠመኔውንም ወደ ኪሳቸው ከተቱት።

ባለ ምድጃው ጀሶውን ወስዶ ከመደርደሪያው ሥር፣ ከካርቶኑ ጎን አስቀመጠውና ምድጃውን ለመጀመሪያው እግር ለኮሰ።